አሥረኛው ሰው እስኪመጣ

ሲስተር ብልቃጧን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። አውራ ጣት የምታህል የመስታወት ብልቃጥ ናት፤ ክዳኗ ገና አልተነካም። ፈሳሹን በብርሃን አየችው፣ በዝግታ አዘንብላ ደግማ አየችው። ከዚያ መልሳ ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ፣ በአይስ ፓኮቹ መካከል አስቀመጠቻትና ወደ እኛ ዞረች።

«ስምንት ናችሁ። ሁለት ሰው ሲሞላልኝ እከፍታለሁ።»

ጊዜው ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። ሁዳዴ አልተፈታም፣ ረመዳንም ገብቷል። አክስቴን ላስከትብ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ መጥቻለሁ። ስምንቱም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው፤ ራቅ ራቅ ብለው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ያን ሰሞን ከተማው ኦክስጅን ፍለጋ ይራወጥ ነበር። በእኛ ሰፈር ብቻ በሁለት ወር ሦስት የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሆኖም ከጤና ጣቢያው በር ውጭ «ኮሮና ፖለቲካ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ የገባውም ቢሆን ልቡ ሙሉ አልነበረም።

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሲስተር፣ ልጄ፣ ሳትወጊኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼ ነገር ውስጡ ምን አለበት? የጾም ነው የፍስክ?»

ከኋላ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሲስተር አልሳቀችም። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ነርስ የማከብራት በዚህ ነው።

«ልክ ነዎት እማማ። ወረቀቱ አለ፣ ላምጣልዎ።»

ያመጣችው ከካርቶኑ ውስጥ የወጣ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ስስ ወረቀት ነው። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ሲስተር ሥራ ላይ ስለሆነች ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና «አንተ አንብብላቸው፤ የሚከብድህን እነግርሃለሁ» አለችኝ። አክስቴ ልታውቀው የፈለገችው ሁሉ ከአገር አገር ተጉዞ፣ በረዶ ተደርጎለት እግሯ ሥር ደርሷል። እሷ በምታነበው ፊደል የተጻፈ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ስለ ክትባት ጥርጣሬ ሲነሣ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው። ሕዝቡ ጠየቀ፤ መልሱም ነበረ። መልሱን ግን ወደ እሱ ያዞረለት ሰው አልነበረም።

አገሪቱ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያገኘችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ነበር። ከዚያ በፊት፣ የካቲት 28፣ በዓለም አቀፉ የኮቫክስ ጥምረት በኩል የተገኘ 2.2 ሚሊዮን ገደማ መጠን ቦሌ አርፏል፤ በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና አስትራዜኔካ ያበለጸጉት፣ ህንድ ውስጥ በሴረም ኢንስቲትዩት የተመረተ ክትባት ነው። የአክስቴ ብልቃጥ ከዚያ ጭነት ናት።

አንዷ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ለአንድ ሰው የሚወጋው ግማሽ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለ10 ሰው ትበቃለች። አንዴ በመርፌ ከተበሳች ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለባት፤ የተረፈው ይደፋል። ሲስተር ሁለት ሰው የምትጠብቀውም ለዚሁ ነው። ያን ጊዜ በየታክሲው «ሜርኩሪ አለበት» ሲባል እሰማ ነበር። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ቲዮመርሳል የሚባል፣ በውስጡ ሜርኩሪ ያለበት ማቆያ ለብዙ ሰው በሚበቁ አንዳንድ የክትባት ብልቃጦች ውስጥ በጥቂቱ ሲጨመር ኖሯል። በዚህኛው ውስጥ ግን ማቆያ የሚባል ነገር የለም። ቢኖርበት ኖሮ ሲስተር ብልቃጧን ከፍታ የተረፈውን ለሌላ ቀን ማቆየት በቻለች ነበር። ስምንት ሰው በወንበር ላይ ያቆየው ያ ማቆያ አለመኖሩ ነው።

ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሂስቲዲን ይላል፤ በሁለት መልክ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው፤ በሽሮውም በምስሩም ውስጥ አለ። እዚህ የገባው የፈሳሹ አሲድነት ከፍና ዝቅ እንዳይል ነው። ሱክሮስ ይላል፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ነው፣ መጠኑም ቁንጥር አይሞላም። ሶዲየም ክሎራይድ የወጥ ጨው ነው። አክስቴ «እስካሁን ጓዳዬን ነው የምትቆጥረው» አለች።

ማግኒዥየም ክሎራይድ ስል ከወዲያ ጥግ አንድ ጡረተኛ መምህር ቀና አሉ። «ማግኔት የሚይዘው እሱ ነዋ!» የማግኒዥየምና የማግኔት ድምፅ በአማርኛ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል አንድ ወሬ ቤት ሊሠራ ይችላል። ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከባሕር ውሃ የሚገኝ ጨው ነው፤ ማግኔት አይስበውም። በዝርዝሩ ላይ ብረት የለም፣ ኒኬልም ኮባልትም የለም። ክንድ ላይ የተለጠፈ ሳንቲም የሚይዘው የቆዳ ወዝ ነው።

ፖሊሶርቤት 80 የሚባለው ስሙ ያስደነግጣል። ሥራው ዘይትና ውሃ የመሳሰሉ የማይስማሙ ነገሮችን ማስማማት ነው፤ በአይስክሬም ውስጥም ይገባል። እዚህ የሚያስፈልገው የክትባቱ ቅንጣቶች እርስ በርስና ከመስታወቱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ ነው። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ሲስተር ለእያንዳንዱ ሰው «መርፌ ወይም መድኃኒት ተቆጥቶዎት ያውቃል?» ብላ ጠይቃለች፤ ከተከተቡም በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቁጭ ታደርጋቸዋለች። ኤዴቴት የተባለው ደግሞ በታሸጉ ምግቦች ውስጥም የሚጨመር ነው፤ ፈሳሹን የሚያበላሹ ጥቃቅን የብረት ርዝራዦችን ጠፍሮ ይይዛል።

ኤታኖል ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አልኮል ነው። ፊት ለፊቴ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አባት ተቀምጠዋል፤ በረመዳን ጾም ውስጥ ናቸው። ዘልዬው ማለፍ እችል ነበር፤ ከእኔ ሌላ ወረቀቱን የሚያይ የለም። አነበብኩት። በአንድ ሰው መጠን 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ በጠላ ቢለካ ከአንድ ሁለት ጠብታ አያልፍም። አባት ትንሽ ዝም አሉና «ስለ መርፌው ዑለማዎቹን ጠይቄያለሁ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ ጾም አይፈታም ብለውኛል። አልኮሉን ግን ዛሬ መስማቴ ነው። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አሉ። ከወንበራቸው አልተነሡም። ያንን ቃል ዘልዬው ቢሆንና ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ኖሮ፣ የእኔን ንባብ ብቻ ሳይሆን የሲስተርንም መርፌ በተጠራጠሩ ነበር።

መጨረሻው ለመርፌ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ነው። ዘጠኝ ነገሮች። እንቁላል የለም፣ ጌላቲን የለም። «እንግዲያው የጾም ነው» አለች አክስቴ።

ከዘጠኙ በላይ፣ ከወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው ግን ዋናው ነው፤ ስለ እሱ አለመናገር ስለ ወጥ እያወሩ ሥጋውን መርሳት ይሆናል። በግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ቢሊዮን የቫይረስ ቅንጣቶች አሉ። ኮሮና አይደሉም። ቺምፓንዚን ጉንፋን ከሚያስይዝ የቫይረስ ዘር የተወሰዱ ናቸው። ቫይረሱ እንዳይራባ ተደርጓል፤ መራቢያውን የሚያዝለት ዘረመል ተቆርጦ ወጥቷል። በምትኩ የኮሮና ቫይረስ በላዩ ላይ ያሉትን እሾሆች የሚያሠራ መመሪያ ተሸክሟል። ሰውነታችን መመሪያውን ተቀብሎ እሾሁን ብቻ ይሠራል፣ ያየዋል፣ ይማርበታል። እውነተኛው ቫይረስ የመጣ ዕለት ጠላቱን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። የቺምፓንዚው የተመረጠው ብዙዎቻችን የሰውን ጉንፋን አምጪ ቫይረሶች በልጅነታችን ስለለመድናቸው ነው፤ በሚያውቀው ቫይረስ ተጭኖ ቢመጣ ሰውነታችን መልእክቱን ሳያነብ መልእክተኛውን ይገድለዋል። መመሪያው ከእኛ ዘረመል ጋር አይሰፋም፤ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል።

መምህሩ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው አንድ ነገር አሉ።

«ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ሰማን። ያልተጻፈውስ?»

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ጥያቄ በዚያች ክፍል አልተጠየቀም። እውነትም ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ ነገር አለ። ይህ ክትባት በሚመረትበት ጊዜ ቫይረሱ የሚባዛው ሄክ 293 በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ነው። ሴሎቹ መጀመሪያ የተገኙት ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ በፈረንጆች 1973፣ ከተቋረጠ ጽንስ ኩላሊት ነው። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪ ውስጥ እየተባዙ እዚህ ደርሰዋል፤ አዲስ ጽንስ አልተነካም። ቫይረሱ ተጣርቶ ሲወጣ ሴሎቹ ከብልቃጡ ውጭ ይቀራሉ። ቫቲካን ታኅሣሥ 2013 ላይ ጉዳዩን መርምራ፣ ሌላ አማራጭ ለሌለው ምእመን መከተቡ ከኅሊና አንጻር እንደሚፈቀድ ገልጻለች። አንድ አማኝ ይህን ሰምቶ «አልወስድም» ቢል እንኳ እውነቱን ይዞ ይወስናል። «ጽንስ አለበት» የሚለውን ወሬ ግን «ውሸት ነው» በሚል አንድ ቃል ለመዝጋት መሞከር ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ወሬው የተቆረጠች ጫፍ እውነት ይዟል። ጫፏን የሚያውቅ ሰው «ውሸት ነው» ያለውን ባለሙያ ዳግመኛ አያምነውም።

የደም መርጋቱም እንደዚሁ ነው። መጋቢት 29 ቀን 2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ባልተለመደ መልኩ ከፕላትሌት ማነስ ጋር የሚመጣ የደም መርጋት የዚህ ክትባት እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ጉዳት ሆኖ እንዲመዘገብ ወስኗል። ግምቱ ከመቶ ሺህ ተከታቢ አንድ ሰው አካባቢ ነበር። እኛ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ዜናው ትኩስ ነው። ሲስተር አልደበቀችውም። «ከተከተባችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የእግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቤት አትቀመጡ፣ ኑ። ትኩሳትና የክንድ ሕመም ግን የአንድ ሁለት ቀን ነገር ነው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ኮሮናው ራሱ ደም ያረጋል፤ እሱ ነው በብዛት የሚያረጋው» ብላ ጨመረች።

«ቺፕ አለበት»፣ «የአውሬው ምልክት ነው» ስለሚሉት ወሬዎች ብዙ አልቆይም። በዚህ ቀጭን መርፌ አልፎ፣ ያለ ባትሪ፣ ከጡንቻ ውስጥ ሰው ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅ መሣሪያ አልተሠራም። ቃሉን የሚያናፍሱት ብዙዎቹ የሚፈሩት ግን መሣሪያውን አይመስለኝም። ከሩቅ የመጣ፣ ማንነቱን የማያውቁት ኃይል በአካላቸው ላይ ያለ ፈቃዳቸው እንዳያዝ ነው የሚፈሩት። ያ ፍርሃት ደግሞ ታሪክ አለው።

መጋቢት 2012 ላይ ሁለት ፈረንሳውያን የሕክምና ሰዎች በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ለኮሮና ይጠቅም እንደሆን አንድ ክትባት አፍሪካ ላይ ስለመሞከር ሲነጋገሩ ዓለም ሰምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ንግግሩን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት፤ አፍሪካ የክትባት መሞከሪያ አትሆንም አሉ። ቪዲዮው ግን ከውግዘቱ በፊት በየስልኩ ገብቷል። ከዚያ ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ1988 ዓ.ም. ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ባካሄደው ሙከራ ተጠቀመ፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን መድኃኒት ወሰዱ። 11 ሕፃናት ሞቱ። ቤተሰቦች ልጆቻቸው ሙከራ ውስጥ መግባታቸውን በቅጡ አልተነገረንም አሉ። ኩባንያው ጥፋት የለብኝም ቢልም ከ13 ዓመት በኋላ ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

በዚያው በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር፣ እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ኤች አይ ቪን በመፍራት በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ አጋለጠ። ለጋሾቹ አንዳችም አልተነገራቸውም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ተመስግነው ወጥተዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ አደባባይ ወጡ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ምንነቱ በወጉ ሳይገባን የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወጋን ያሉ ኢትዮጵያውያት እናቶች በቴሌቪዥን ተናገሩ፤ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በጥር 2005፣ ተጠቃሚዋ የመርፌውን ምንነት ካልተረዳች እንዳይደገምላት መመሪያ አወጣ። ታኅሣሥ 2013 ላይ እስራኤል ሕዝቧን ቀድማ መከተብ ስትጀምር፣ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ እንዲህ ያለ ትዝታ ባለበት ቤት እንዴት እንደሚሰማ ማሰብ አይከብድም። ስለ መርፌው ያልተነገራት ሴት፣ ስለሚቀጥለው መርፌ ሁሉ ትጠይቃለች። መጠየቅም አለባት።

አክስቴ ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ በአንድ ጆሮ እየሰማች የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ሳንቲም የሚያህል የተጨማደደ ጠባሳ አለ። በልጅነቴ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ታሪኩን የነገረችኝ ግን ያን ቀን ነው።

ጎጃም ነው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች። የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ አገራቸው ሲመጡ እሷና ሁለት ጎረቤቶቿ በቆሎ ውስጥ ገብተው ተደበቁ። አገሩ ክትባት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጭረው የሚያስገቡ ቀሳውስትና አዋቂዎች ከጥንት ነበሩ፤ አንዳንዱ በዚያው ይታመማል፣ አንዳንዱም ይሞታል፣ የዳነው ግን ዳግም አይያዝም። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክትባትና ክታብ ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፣ ሌላው በቆዳ ላይ። አዲሶቹ ከታቢዎች ግን ባዕድ ነበሩ፣ የያዙትም ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ። «አማቴ ከበቆሎው ጎትተው አወጡኝ። ማንም ውስጡ ምን እንዳለ አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሮጥሁ እንጂ አልጠየቅሁም።»

የያኔው የፈንጣጣ ክትባት ውስጡ ቢጠየቅ ከዛሬው እጅግ የሚከብድ ነበር። ቫይረሱ ሕያው ነው፤ የሚመረተውም በአብዛኛው በጥጃ ቆዳ ላይ እያበቀሉ ነበር። ሆኖም ሠርቷል። ኢትዮጵያ ዘመቻውን በ1963 ዓ.ም. ጀመረች፤ በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተኬደበት። የመጨረሻው ታማሚ ነሐሴ 1968 ላይ ተገኘ። ሚያዝያ 1972 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። የአክስቴ ታላቅ ወንድም በፈንጣጣ የሞተው ከታቢዎቹ ከመምጣታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር።

ዘጠነኛዋ ሰው በዚህ መሐል ገባች፤ ልጇ እጇን ይዞ ያመጣት ዓይነ ስውር አሮጊት ናት። አሥረኛ አልመጣም። መምህሩ ተነሡ። «አስብበታለሁ» ብለው ባርኔጣቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። ማንም አልለመናቸውም፤ ሲስተር «በፈለጉ ጊዜ ይምጡ ጋሼ» ብቻ አለቻቸው። ስምንት ሆንን። ሲስተር ሰዓቷን አየች፣ ወደ ግቢው ወጣች፣ ከበሩ ዘበኛ ጋር ስታወራ በመስኮት ይታየኛል። ዘበኛው ሽበታም ናቸው፣ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታውቃለች። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ከእሷ ኋላ ተከትለው ገቡ። ዘጠኝ።

«ዘጠኝ ይበቃኛል፤ አንዱ ቢደፋም ይደፋ» አለችና ክዳኗን ገፋች። በኋላ እንደሰማሁት መምህሩ በሳምንቱ ተመልሰው ተከትበዋል።

አክስቴ መርፌው ሲገባ ፊቷን አላዞረችም። ከዚያ ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን፤ 15 ደቂቃ መቆየት አለብን። ሁለተኛው ዙር እንደታሰበው እንዳልመጣ የምናውቀው በኋላ ነው፤ ህንድ ራሷ በወረርሽኙ ተመትታ ወደ ውጭ መላኩን ስታቆም ብዙ አረጋውያን ቀጠሯቸው አልፎ ጠበቁ። ያን ቀን ግን ፀሐዩ ደህና ነበር።

«ወረቀቱን ይዘኸዋል?» አለችኝ።

ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። «በጀርባው በአማርኛ ጻፍልኝ። ለእድር ሰዎች አስነብባለሁ፤ ነገ እነሱም ይጠይቁኛል።»

ጀርባው ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ነበር። እስክሪብቶ ከሲስተር ተዋስኩ። ከአናቱ የቫይረሱን ነገር በሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ሂስቲዲንን ጻፍኩ፣ ስኳርን፣ ጨውን፣ ማግኒዥየምን። ኤታኖል ላይ ስደርስ «አልኮል ብለህ ጻፈው፣ በስሙ» አለችኝ። ጻፍኩት። ቦታው እየጠበበ ስለመጣ ስምንተኛው ላይ አቆምኩና እስክሪብቶውን ከደንኩ።

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

«ዘጠኝ አልነበሩ? ውሃውንም ጻፍ።»